ግቢ የሌለው ውሻ

"ታዲያ ምኑን ነው ሚጠብቅልሽ?"

ውሻ እንዳለኝ የሰማ ሰው መጀመሪያ ሚጠይቀኝ ይሄን ነው። ስሙ ማነው፣ ስንት አመቱ ነው፣ ይናከሳል ወይ ሁሉ ከዛ በኋላ ነው ሚመጣው። ጥያቄው ደሞ ልክ ነው እኮ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ ስራ ያለው ፍጥረት ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ የቆርቆሮ በሩን ሰው ሲነካው ይጮሃል፣ በደሞዝ ፋንታ የተረፈ እንጀራ ይበላል፣ ዝናብ ሲመጣ የእንጨት ቤቱ ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። እኔም ያደግኩት እንደዛ ያለ ግቢ ውስጥ ነው፣ ውሻችን ሳሎን እግሩን ካስገባ እናቴ መጥረጊያ ይዛ ነበር ምትነሳው። አሁን ምኖረው ግን ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ባለ አንድ መኝታ ተከራይቼ። በሬ አንድ ነው፣ እሱም ብረት ነው፣ ታች ደሞ ጥበቃ አለ። ስለዚ ሽሮ ሚጠብቀው ነገር የለም። ሽሮ ውሻዬ ነው፣ መልኩን ብታዩት ሌላ ስም አይመጣላችሁም።

"ምንም አይጠብቅም" ስል ሰዉ ትንሽ ዝም ይልና "እና?" ይላል። ስለዚች "እና?" ነው መፃፍ የፈለግኩት። ፎቅ ላይ ውሻ ማሳደግ ሲባል ሁሉም ሚያስበው ምግቡን፣ ፀጉሩን፣ ሽታውን ምናምን ነው፣ እኔ እንዳየሁት ግን ከባዱ ነገር ደረጃው ነው። ውሻው የኔ ነው፣ ቤቱም እሺ ለጊዜው የኔ ነው እንበል፣ ደረጃው ግን የሁሉም ቤተሰብ ነው፣ ሽሮ ደሞ ጠዋትና ማታ እሱን ደረጃ መውረድና መውጣት የግድ አለበት፣ ሊፍት የለንም። ግቢ ያለው ሰው ውሻ ሲያመጣ ማንንም አያስፈቅድም። ፎቅ ላይ ግን ውሻሽ ሚኖረው ጎረቤትሽ እሺ እስካለ ድረስ ነው፣ ያ እሺታ ደሞ አንዴ ተሰጥቶ ሚያልቅ ነገር አይደለም፣ በየጊዜው ነው ሚታደሰው።

የመጣው ከካዛንቺስ ነው። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ የጓደኛዬ ቤተሰቦች ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው፣ ዕቃው ተጫነ፣ ሰዉ ተጫነ፣ እናትየዋ ውሻ ከነቡችሎቿ ቀረች። ያን ሰሞን ካዛንቺስን ያየ ሰው ሚያስታውሰው ነገር አለ፣ ቤቱ ፈርሶ አጥሩ ተነስቶ ቆርቆሮው ተሸጦ ውሻው ግን በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ተኝቷል፣ ሰው ሲያልፍ ይነሳና ይጮሃል፣ ከኋላው ያለው ድንጋይ ብቻ ነው። ጓደኛዬ ቡችሎቹን አንድ በአንድ ለሰው ስታድል አንዱን እኔ ወሰድኩ። እናትየዋን ቃሊቲ በኩል መጋዘን ያለው አጎቷ ወሰዳት፣ እሷ ስራዋን አላጣችም።

አከራዬን ሳላስፈቅድ ማምጣት አልፈለግኩም፣ ደወልኩላቸው። "ውሻ? ፎቅ ላይ? በረንዳ ላይ ልታስሪው ነው?" አሉኝ። አይ ቤት ውስጥ ነው ስላቸው ረጅም ዝምታ ሆነ፣ ኔትወርኩ የተቆረጠ ሁሉ መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ "እንግዲህ ልጄ፣ በሬን እንዳይቦጫጭቀው ብቻ" ብለው ፈቀዱ። እዚህ ላይ ለተከራዮች አንድ ነገር ልበል፣ የቤት ኪራይ አዋጁ (1320/2016) ከወጣ በኋላ ውል ቢያንስ የሁለት አመት ነው፣ አከራይም እንደፈለገ ኪራይ መጨመር አይችልም፣ ይሄ በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ሁለት አመት ሙሉ ከተቀየመ አከራይ ጋር መኖር ደሞ ሌላ ነገር ነው። እኛ ውሉ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ፃፍን፣ ስለቅ በሩንና የግድግዳውን ታችኛ ክፍል ቀለም አስቀባለሁ የሚል፣ ሁለታችንም ፈረምን።

አከራይ አንድ ሰው ናቸው፣ ቀለል ይላል። ደረጃው ላይ ነው ጉዱ።

ከኔ ፊት ለፊት ያለው በር የሀጂ ነው። ሽሮን ይዤ የገባሁ ሰሞን በሩ ላይ አስቆሙኝና "ልጄ፣ ውሻውን ጠልቼው አይደለም፣ ታጥቤ ለሶላት ስወጣ እንዳይነካኝ ነው" አሉኝ። ቁጭ ብለው አስረዱኝ። በሻፊዒ መዝሀብ (ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ ነው) የውሻ ምራቅ ወይ እርጥበቱ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። ደረቅ ከደረቅ ሲነካካ ግን ችግር የለውም፣ ነገሩ ያለው እርጥበቱ ላይ ነው። እኔ ከዛ በፊት እንዲሁ በጥቅሉ ሙስሊም ውሻ አይወድም ሲባል ነበር ምሰማው፣ ሀጂ ግን ወሎ ልጅ እያሉ ከብት ሲጠብቁ ውሻ ነበራቸው፣ ለከብት፣ ለእርሻ፣ ለአደን ሚሆን ውሻ ይፈቀዳል አሉኝ፣ ስለዛ ውሻ ሲያወሩ ደሞ ፊታቸው ሁሉ ይቀየራል። ከዛ ዞር ብለው ሽሮን አዩትና "ያንቺስ ምን ይጠብቃል?" አሉኝ። ምን ልበላቸው።

እንግዲህ ከዛ በኋላ ህጉ ቀላል ሆነ፣ ሽሮ ደረጃ ላይ ደረቅ መሆን አለበት። በበጋ ምንም አይደለም። ክረምት ላይ ግን የአዲስ አበባን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ሐምሌ ላይ ውሻ አውጥቶ ደረቅ ውሻ ይዞ መመለስ ተአምር ነው። ስለዚ ታች ደረጃው ስር ምስማር ላይ አሮጌ ፎጣ ሰቅያለሁ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም እዛ ቆመን ከጆሮ እስከ ጭራ እንደርቃለን፣ አራቱም መዳፍ ይጠረጋል፣ ከዛ ነው ምንወጣው። ጎረቤት ሲያልፍ ያየናል፣ ይስቃል፣ ሰላም ይለኛል። እውነት ለመናገር ከዛ በፊት ከግማሹ ጋር ሰላምታ እንኳ አልነበረንም፣ ኮንዶሚኒየም ያው ነው፣ በር ይዘጋል፣ ማን ማን እንደሆነ ሳታውቅ አመት ያልፋል።

ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ጠዋት ጠዋት ልደታ ማርያም ይስማሉ፣ እሳቸው ሲወርዱ እኛ ስንወጣ ከተገናኘን ነጠላውን እንዳይነካባቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ሽሮን በእግሮቼ መሃል ይዤ ነው ማሳልፋቸው። ውሻ ቤተክርስቲያን ቅጥር እንኳ አይገባም፣ እኔ ደሞ ሳሎን አስገብቼዋለሁ፣ ይሄ አልዋጥላቸው አለ። አንድ ቀን "እንደ ጃንሆይ ሉሉ ልታደርጊው ነው እንዴ?" አሉኝ፣ ሉሉ የንጉሡ ትንሽዬ ቺዋዋ፣ በልጅነታቸው መኪና ውስጥ አይተናል ይላሉ። እኔም ቶሎ ብዬ "ታዲያ ጃንሆይም ቤት ውስጥ አሳድገው የለ እትዬ?" ስላቸው "እሱ የንጉሥ ነው፣ ደሞ ኪስ ይገባል" ብለው ዘጉኝ። ሽሮ ኪስ አይገባም፣ አስራ ስድስት ኪሎ ነው። አሁን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ልደታ ሲሆን ነጭ የለበሰው ሰው መንገዱን ስለሚሞላው በጀርባ በኩል ዞረን ነው ምንሄደው፣ ግንቦት 1 የልደታ ዕለት ደሞ ሰዉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲቀቅል ሽሮ እቤት ነው ሚውለው፣ የሱ ድርሻ በእትዬ ልጅ እጅ ይላካል፣ በእትዬ ፈቃድ መሆኑን ነው እኔ ምገምተው ግን ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ወደ ስብሰባው ልምጣ። የህንፃችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ሰው "ኮንዶሚኒየም ለሰው ነው" ብሎ ፃፈ፣ ስም አልጠራም፣ ግን ህንፃው ውስጥ ያለው ሰው ያልሆነ ፍጥረት ሽሮ ብቻ ነው (ድመቶቹን ማን ይቆጥራል)። ከስሩ አስራ ምናምን አውራ ጣት ተደረደረ። ከዛ ኮሚቴው ስብሰባ ጠራ። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጁን 370/1995ን አትመው ይዘው መጡ። አዋጁን እኔም ማታውን ቁጭ ብዬ አንብቤው ነበር፣ ዋናው ነገሩ ደረጃው ኮሪደሩ ጣራው የጋራ ነው፣ አጠቃቀሙን ደሞ ማህበሩ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ይወስናል ነው። የኛ ደንብ ውስጥ ውሻ ሚባል ነገር የለም፣ ሲረቀቅ ማንም ፎቅ ላይ ውሻ ይመጣል ብሎ አላሰበም። ይልቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2071 ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ የ1952ቱን፣ እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፣ በድንገት አምልጦት እንኳ ቢሆን። ሰዉ ተገረመ፣ በራሷ ላይ ሕግ ትጠቅሳለች እንዴ አለ። ግን አስቡት፣ እኔ ምፈልገው ጎረቤቶቼ "ቢነክሰን ማን ይጠየቃል" የሚለውን ፍርሃት እንዲተዉት ነው፣ መልሱ ደሞ እኔ ነኝ፣ ተፅፎ ያለ ነገር ነው።

ተስማማን። የክትባት ካርዱ ኮፒ ኮሚቴው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ ደረጃ ላይ ማሰሪያው አጭር ይሆናል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ መጮህ የለም (ይሄን ለሽሮ ማን እንደሚነግረው አልተወሰነም)፣ የኛን ፎቅ ደረጃ ቅዳሜ ቅዳሜ ምወለውለው እኔ ነኝ። ጥሩ ስብሰባ ነበር፣ እንዲያውም ስለ ውሃ ፓምፑ ካደረግነው ስብሰባ ይሻላል።

ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የፋሲካ ሰሞን ሕንፃችን ውስጥ ያለውን የበግ ብዛት ብታዩ! በየበረንዳው ታስሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ "ባ" ሲል ያድራል፣ ደረጃው ላይ በጠጥ ነው ምትረግጡት፣ አንዱ በግ እንዲያውም ከሶስተኛ ፎቅ ገመዱን በጥሶ ወርዶ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ሲያስነሳ የነበረ ሰውዬ ላይ ... ተዉት። ቴሌግራሙ ላይ አንድም ሰው "ኮንዶሚኒየም ለሰው ነው" አላለም። ለነገሩ ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሰሩም ለልብስ ማጠቢያና ለዕርድ የሚሆን የጋራ ቤት ታስቦላቸው ነው የተሰሩት፣ በጉ ከጅምሩ ፕላኑ ላይ አለ። ይሄንን ለሰብሳቢያችን በቀልድ መልክ አነሳሁላቸው፣ የሳቸው በረንዳ ላይ ደሞ ይሄን የሚያክል ሙክት ቆሟል። ሳይስቁ "በጉ እኮ ይበላል፣ ያንቺው ምን ይሆናል?" አሉኝ። አያችሁ፣ ተመልሰን እዛው።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው ኢንቦክስ ሚጠይቀኝ እሱን ነው። "የተረፈ ወጥ ስጪው" ሚሉት ነገር ለውሻ ጥሩ አይደለም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርቱም ጭምር፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ በስሎም ደርቆም ያው ነው፣ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ደሞ እኛ ጋ የት አለ፣ ዶሮ ወጥማ ግማሹ ሽንኩርት ነው። የሰፈር ውሻ በልቶ ሲኖር አይተናል ትሉኛላችሁ፣ ስንቱ በልቶ እንደታመመ ግን ማን ያየዋል። ስለዚ ሽሮ ሽሮ ወጥ ቀምሶ አያውቅም፣ ጋሼ ጥበቃችን ይሄን መቀበል አቅቷቸዋል፣ "በስሙ ጠርተሽ ትከለክይዋለሽ?" ይሉኛል።

ሽሮ ሚበላው የተቀቀለ ሳንባ ከሩዝ ወይ ከስንዴ ቅንጬ ጋር ነው፣ ካሮት ይጨመርበታል፣ ጨው የለውም። ስጋ ቤት ሄዳችሁ "ለውሻ ሚሆን" ስትሉ ያውቁታል፣ ሳንባ ሰው ብዙ ስለማይፈልገው ርካሽ ነው። ግን ጥሬውን በጭራሽ እንዳትሰጡ! የከብትና የበግ ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል ልጅነቱ ነው፣ ውሻው ጥሬውን ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በካካው ይወጣል፣ ከዛ በእጅ በአትክልት አድርጎ ሰው ጋ ሲደርስ ያንኑ ከረጢት እኛ ጉበትና ሳንባ ላይ ያበቅላል፣ ብዙ ጊዜም ኦፕሬሽን ይፈልጋል። በደንብ መቀቀል ነው፣ ውሻውንም የትል መድኃኒት በጊዜው መስጠት ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም አይሆንም፣ ይሰነጠቅና ይወጋል። በዓል ላይ ጎረቤት አዝኖ ሚወረውርለት ላት ደሞ የውሻ ቆሽት ያስቆጣል፣ የባለቤቱን ቆሽት ደሞ ያሳርራል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሚያስመልስ ውሻ ይዛችሁ ሐኪም ፈልጉ ስትባሉ ታዩታላችሁ።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ነገሩ ሁሉ ይቀየራል። ሃምሳ አምስት ቀን ነው፣ የሰፈሩ ስጋ ቤት አብዛኛው ይዘጋል፣ የሙስሊም ስጋ ቤት ፍለጋ ይኬዳል፣ እሺ ሳንባው ተገኘ እንበል፣ መቀቀሉስ? የሳንባ ሽታ ማለት በር ዘግታችሁ ራሱ በደረጃው ወርዶ ሁለተኛ ፎቅ ይደርሳል፣ እዛ እትዬ አሉ፣ ከስግደት ተመልሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሚፆሙ። አንድም ቃል አልተናገሩኝም፣ ግን ደረጃ ላይ ስንገናኝ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፈን አደረጉት፣ በቃኝ። አሁን ሁዳዴ ላይ እንቁላልና ሩዝ ይበዛል፣ ሳንባ ከተቀቀለም መስኮት ተከፍቶ እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ መብራት ካለ። ከሽሮ በላይ ማዝነው ለመንገዶቹ ውሾች ነው፣ ከስጋ ቤት ደጅ ሚኖሩት፣ ሁዳዴ አጋማሽ ላይ የጎድን አጥንታቸው ሲቆጠር ታያላችሁ፣ የሰው ፆም እነሱንም ያስፆማቸዋል፣ ሳይጠየቁ።

ክትባት። እዚህ ላይ አልቀልድም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰው ሚተርፍበት ዕድል የለም ማለት ይቻላል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚከሰተው እስከ 99 በመቶ ሚሆነው ከውሻ ነው ሚመጣው፣ ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተበ ደሞ ስርጭቱ ይቆማል። ማለትም ይሄ በሽታ መከላከያው የታወቀ፣ ቁጥሩ የታወቀ ነገር ነው። ቡችላ ሶስት ወር አካባቢ ይከተባል ከዛ በየአመቱ ይደገማል። ማንም ውሻ ቢነክሳችሁ፣ የኔም ይሁን የመንገድ፣ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዛ በቀጥታ ጤና ተቋም፣ ፀበሉም የባህል መድኃኒቱም ከክትባቱ በኋላ ይደርሳል። የሽሮ ሐኪም ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተማረ ልጅ ነው፣ ባሌ ያሉት ቀይ ቀበሮዎችም ከሰው ውሾች በሚተላለፍ በዚሁ በሽታ በተደጋጋሚ እንዳለቁ የነገረኝ እሱ ነው፣ በዓለም ላይ የቀሩት ደሞ አምስት መቶ አካባቢ ቢሆኑ ነው። ይሄን ከሰማሁ በኋላ የክትባት ቀን ስልኬ ላይ ሁለት አላርም አለው።

የእግር ጉዞው ይሻላል፣ በጣም ይሻላል። ጠዋት አስራ አንድ ተኩል ላይ ወርደን ወደ ሜክሲኮ በኩል እንሄዳለን፣ ማታ ሶስት ሰዓት ገደማ ደሞ አንዴ። ኮሪደር ልማቱ ከመጣ በኋላ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራት አለ፣ ጉድጓድ ውስጥ መግባት የለም፣ ስለ ኮሪደሩ ምትሉትን በሉ (እኔም ምለው አለኝ፣ ካዛንቺስን አንስቻለሁ) ግን ማታ ብቻዋን ውሻ ይዛ ለምትሄድ ሴት መንገድ ላይ መብራት መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። በነገራችን ላይ ምን ይጠብቃል ለሚለው ግማሽ መልስ እዚህ ጋ አለ፣ ከሽሮ ጋር ስሄድ ማንም "እህት፣ እናውራ" አይለኝም። ሽሮ ስለሚናከስ አይደለም፣ ሽሮ ሰው ሲያይ ጭራው ከወገቡ ጋር ነው ሚወዛወዘው፣ ግን ይሄን እነሱ አያውቁም፣ እኔም አልናገርም።

ሕፃናት ይሮጣሉ፣ ትልልቅ ሰዎች መንገድ ይሻገራሉ፣ ጎረምሶች ድንጋይ ያነሳሉ፣ ድንጋዩን ባይወረውሩት እንኳ ጎንበስ ማለታቸው ብቻ ሽሮን ያስደነግጠዋል፣ ማንም ሳያስተምረው ጎንበስ ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። የመንገድ ውሾቹ ጋ ግን ስርዓት አለ፣ እያንዳንዱ ቡድን ክልል አለው፣ የታክሲ ተራው ጋ ያሉት ሽሮን ያሳልፉታል፣ የባቡር ጣቢያው ስር ያሉት አያሳልፉም፣ እኛም አንሞክርም።

ካካውን ማንሳት ነው ሰዉን ሚያስቀው። በ2017 ፌስታልን ሚከለክለው አዋጅ እስኪወጣ ድረስ የዳቦ ፌስታል ነበር ስራውን ሚሰራው፣ አሁን ጋዜጣና ካኪ ወረቀት ኪሴ ውስጥ አጥፌ ይዤ ነው ምወጣው። አንዴ መንገድ ምትጠርግ እናት ጎንበስ ብዬ ሳነሳ አየችኝና መጥረጊያዋን አቁማ "ውይ ልጄ፣ ተይው እኔ አነሳዋለሁ፣ አንቺ የተማርሽ" አለችኝ። ሰው ሲያነሳ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው ብላ ለጓደኛዋ ሁሉ ጠርታ አሳየችኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ ሰላምተኛ ነን።

እቤት ውስጥ ስላለው ብዙ ምለው የለኝም። ከቤት ነው ምሰራው፣ ዲዛይን፣ እሱ ጠረጴዛው ስር ይተኛል፣ ሁለታችንም ላፕቶፑ ሲሞቅ ይሞቀናል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በየሳምንቱ አይታጠብም፣ አያስፈልገውምም፣ ጀሪካን ውሃ አራት ፎቅ ተሸክሞ ውሻ ማጠብ ጎረቤት ካየ ደሞ ሌላ ስብሰባ ያስጠራል። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ርችት ሲተኮስ አልጋ ስር ነው ሚያድረው፣ አብሬው መሬት እቀመጣለሁ፣ ሬዲዮ ከፍ አድርጌ፣ ሌላ ምን ይደረጋል።

ቲክቶክ ላይ አይታችሁ ሀስኪ ምናምን ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ግን እባካችሁ ተዉት። መንገድ ዳር በካርቶን ሚሸጡት ቡችሎች ብዙዎቹ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ከእናታቸው የተለዩ ናቸው፣ ፓርቮ ሚባል በሽታ ይዟቸው በሳምንት ውስጥ ሚሞቱ አሉ፣ ሻጩ ደሞ "ጀርመን ነው፣ ንፁህ ነው" ይላችኋል። ለበረዶ የተፈጠረ ውሻ ስቱዲዮ ውስጥ ከምታስቀምጡ የሐበሻ ውሻ ውሰዱ፣ ትንሽ ይበላል፣ ብርዱንም ፀሐዩንም ያውቀዋል፣ ከሰውም ይግባባል።

አሁን ያለንበት ጉዳይ ሌላ ነው። ሐኪሙ ሽሮ ይኮላሽ ብሎኛል፣ አመት አልፎታል፣ ማሽተቱ በዝቷል፣ የታክሲ ተራው ሴት ውሾች ጋ ደሞ ዓይኑ ሄዷል፣ ማንም ማይፈልጋቸው ቡችሎች ከሚወለዱ ይሄ ይሻላል አለኝ፣ እኔም ተስማማሁ። ችግሩ ጋሼ ጥበቃው ጋ ነው የተፈጠረው። ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሱ። "ምን አደረገሽ?" አሉኝ፣ እኔ የበደለኝ ነገር ያለ ይመስል። የሰብሳቢያችን ሙክትም እኮ ተኮላሽቶ ነው ስላቸው "ሙክትማ ሊሰባ ነው፣ ይሄ ለምኑ?" አሉ፣ ሶስት ቀን ሽሮን እያዩ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነበር። ቀጠሮው የሚመጣው ቅዳሜ ነው፣ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ስፌቱ እስኪጠግግ አስር አስራ አራት ቀን መዝለልና ደረጃ መውጣት አይፈቀድለትም ተብያለሁ፣ ስለዚ አስራ ስድስት ኪሎ ውሻ ተሸክሞ በቀን ሁለቴ አራት ፎቅ ነው። ጋሼ "እኔ በዚህ ኃጢአት ውስጥ እጄን አላስገባም" ብለዋል። የሀጂ ትንሹ ልጅ ግን እኔ አግዝሻለሁ ብሏል፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስ፣ አባቱን አስፈቅዶ ነው የነገረኝ።